የቤት ኮምፒውተር ፋይል አሰያየም፦ በየትኛው ዘመን አቆጣጠር? በየትኛው «ሀ»?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ ቤተሰብ ፋይል አሰያየም የተካሄደ ክር፣ ማለትም የአንድ ጥያቄና ከሥሩ የተከታተሉት 29 መልሶች፣ ማጠቃለያ ነው። ክሩን የከፈተው ሰው ጥያቄ ብቻ ሳይሆን አቋምም ይዞ ነው የመጣው። የቤተሰብ ሰነድ ኮምፒውተር ውስጥ ጠፋ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ተሰርዞ ሳይሆን በምን ስም እንደተቀመጠ የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ነው ይላል። ስካን የተደረገ የልደት ምስክር ወረቀት ስካነሩ በሰጠው የቁጥር ስም ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ሲፈለግ እንደገና ስካን ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ሁለት ቅጂ አለ፤ የታረመው የቱ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም።

ያቀረበው ሐሳብ አጭር ነው። የፋይሉ ስም በቀን ይጀምር፤ ዓመቱ ይቅደም፣ ወሩ ይከተል፣ ቀኑ መጨረሻ ይሁን፤ ከዚያ የሰነዱ ዓይነት፣ ከዚያ የማን እንደሆነ። ለምሳሌ፦ 2024-01-21_የልደት-ምስክር-ወረቀት_የመጀመሪያ-ልጅ። ቀኑ ከቀደመ በየወሩ አንደኛው ቀን የወጣው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይቆማል፤ ዓመቱ ሲቀድም ግን የፊደል ተራውና የጊዜ ተራው አንድ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው 8601 በተባለው ደረጃ የደነገገውም ይህንኑ ነው። ፎልደሮቹን ሰባት አድርጓቸዋል፦ መታወቂያና ፓስፖርት፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ቤትና ይዞታ፣ ገንዘብና ግብር፣ ሥራ፣ ፎቶ። ስምንተኛው «ገቢ» የሚባል ነው፤ ገና ያልተለየው ሁሉ እዚያ ያርፋል፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ባዶ ይደረጋል። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ከሦስት እርከን በላይ አይሂድ ብሏል። ዘመን አቆጣጠሩ ደግሞ የፈረንጆቹ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ፋይሉ ላይ የሚያትመው ቀን፣ ስልኩም ለፎቶ የሚሰጠው ስም በዚያ ስለሆነ። ከዚህ የተለየ አሠራር ያለው ካለ ምክንያቱን ያስረዳኝ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 1 አመስግኖ ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ አከለ፦ ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ፣ 9 ሳይሆን 09። የዊንዶውስ ፋይል ኤክስፕሎረር 9 ከ10 እንደሚያንስ ያውቃል፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ፍላሽን የሚያነበው ፕሮግራምና ሌሎች ብዙዎች ግን ፊደል በፊደል ስለሚያነጻጽሩ 10ን ከ9 በፊት ያስቀምጡታል።

መልስ 2 የክሩን አቅጣጫ የቀየረው ነው። በአንቱታ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ግን ጠንክሮ ተቃወመ። አገር ቤት የሚሰጥ ሰነድ የሚይዘው የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ነው። ወረቀቱ ላይ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚል ሰነድ የያዘ ሰው 2024-01-21 ብሎ ለመፈለግ መጀመሪያ መቀየር አለበት፤ በመቀየሩም ይሳሳታል። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ስለነበር የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ዋለ። በዚያ ዓመት ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። ምሳሌው ጥምቀት ነበር፦ በሌሎቹ ዓመታት ጃንዋሪ 19 ሲሆን በዚያ ዓመት 20 ላይ ነው የዋለው። ልዩነቱን በቃሉ የያዘና በጭንቅላቱ የሚያሰላ ሰው አንድ ቀን ይስታል፤ በስም ለሚፈለግ ፋይል ደግሞ አንድ ቀን መሳት ማለት አለማግኘት ነው።

መልስ 3 ሁለቱም ወገን ያላነሱት ሌላ አደጋ አለ አለ፤ ከሁሉ የከፋው የሁለቱ አቆጣጠር መደባለቅ ነው። 2016-01-05 የሚል ስም ሲገኝ ጃንዋሪ 5 ቀን 2016 ሊሆን ይችላል፤ መስከረም 5 ቀን 2016 ዓ.ም.ም ሊሆን ይችላል፣ ይኸውም ሴፕቴምበር 16 ቀን 2023። በመካከላቸው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አለ፤ ከስሙ ደግሞ የቱ እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም። የፈረንጁ 2016 ፎቶና የእኛው 2016 ሰነድ በአንድ ፎልደር ጎን ለጎን ቆመው የአንድ ዘመን ይመስላሉ። ስለዚህ የፈለጋችሁትን አቆጣጠር ምረጡ፣ ምልክቱን ግን አትተዉ ብሏል፦ የኢትዮጵያ ከሆነ ከቀኑ ቀጥሎ «ዓም» ይለጠፍበት፣ 2016-05-12ዓም ተብሎ። በዓመቱና በወሩ መካከል ከገባ ተራውን ያበላሻል። ነጥብም አይኑረው።

ነጥብ ለምን እንደማይኖረው ያብራራው መልስ 4 ነው፤ ከክሩ ውስጥ ለእጅ ሥራ ከሁሉ የጠቀመ የምለው እሱን ነው። ዊንዶውስ በስም መጨረሻ ላይ ያለ ነጥብን ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። «2016 ዓ.ም.» ብሎ ፎልደር የፈጠረ ሰው የሚያገኘው «2016 ዓ.ም» ነው። ያው ፎልደር ከማክ ወይም ከሊኑክስ ኮምፒውተር ነጥቡን እንደያዘ በፍላሽ ከመጣ ደግሞ ይታያል እንጂ በኤክስፕሎረር አይከፈትም፣ አይሰረዝምም። ሌላም አለ፦ ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ ያለው ሁሉ ለኮምፒውተሩ የፋይል ዓይነት ነው፤ ቅጥያ የሚባለውም እሱ ነው። ቅጥያው እየታየ ስም የሚቀይር ሰው የፒዲኤፍ ቅጥያውን ሳያስበው አጥፍቶ ስሙን «ዓ.ም» ላይ ካቆመው ዊንዶውስ ዓይነቱ «ም» የሆነ ፋይል ነው ብሎ በምን ልክፈተው ይላል። ሰነዱ አልተበላሸም፤ ቅጥያውን መመለስ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ተበላሸ ብሎ ይሰርዘዋል።

እዚያው ላይ የምህጻረ ቃልን ጉዳይ አነሳ። ዊንዶውስ በስም ውስጥ የማይቀበላቸው ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው፦ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የተጋደመው እዝባር፣ የላቲኑ ሁለት ነጥብ፣ ኮከብ፣ ጥያቄ ምልክት፣ የላቲኑ ድርብ ትእምርተ ጥቅስ፣ የማነሻና የመብለጫ ምልክቶች፣ ቀጥ ያለው መስመር። አማርኛችን ደግሞ በእዝባር የተሞላ ነው፦ ት/ቤት፣ መ/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ወ/ሮ። ኮምፒውተሩ አልቀበልም ሲል አንዱ ትቤት ይላል፣ ሌላው ት-ቤት፣ ሦስተኛው ት ቤት፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት አጻጻፍ ይፈጠራል። ስለዚህ ምህጻሩ ይቅርና ቃሉ ሙሉ ይጻፍ፣ ትምህርት-ቤት ተብሎ። በቃላት መካከል ሰረዝ፣ በክፍሎች መካከል አንደርስኮር፤ ከዚህ ውጪ ምንም ምልክት አያስፈልግም።

መልስ 5 የግዕዙ ሁለት ነጥብ (፡) ስም ውስጥ ገብቶ ዊንዶውስ ዝም አለ፣ ታዲያ እንዴት ተከለከለ ትላላችሁ ብሎ ጠየቀ። መልስ 6 በአንድ መስመር መለሰለት፦ ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ በዩኒኮድ፣ ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ኮድ፣ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ስለሆኑ የእኛው ይፈቀዳል፤ ግን ሌላው ሰው ሲፈልግ አስታውሶ ስለማይጽፈው ባይገባ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ሞቀ። መልስ 7 ረጅም ነው፤ ስለ ሞክሼ ፊደላት ነው የጻፈው። እኛ ስናነብ ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንደዚያው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ ኮድ ያለው ሌላ ፊደል ነው። ሥራ ተብሎ የተቀመጠ ፎልደር ስራ ተብሎ ቢፈለግ አይገኝም። ጽሕፈት የሚለውን ቃል ወስዶ ቆጠረው፦ የመጀመሪያው ፊደል ጽ ወይም ፅ፣ ሁለተኛው ሕ፣ ህ ወይም ኅ፤ በጠቅላላው ስድስት አጻጻፍ ይወጣል። አምስቱ ሲፈለጉ ባዶ ገጽ ይመጣል፣ ፈላጊውም ሰነዱ የለም ብሎ ይደመድማል። መፍትሔ ያለው ሁለት አማራጭ ነበረው። አንደኛው በፋይል ስም ውስጥ ሀ፣ ሰ፣ አ፣ ጸ ብቻ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ከሰባቱ ፎልደሮች በላይ «አጻጻፍ» የሚል አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል አስቀምጦ ለስም የምንጠቀምባቸውን ሠላሳ ያህል ቃላት በተስማማንበት ፊደል መዘርዘር፣ ስም ሲወጣም ከዚያ ኮፒ ማድረግ ነው።

መልስ 8 ተቆጣ። ፊደል ቀንሱ የሚል ምክር ቋንቋውን ማድኸየት ነው አለ። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ነው፣ ሰረቀ ማለት ደግሞ ሰረቀ፤ መሐረ ይቅር አለ፣ መሀረ አስተማረ። ይህን ልዩነት ኮምፒውተር አልገባውም ብለን እኛ ልንተወው አይገባም ሲል ጻፈ። መልስ 9 እስከዚያ የነበረውን አንቱታ ጥሎ በአንተ መለሰለት፦ የፋይል ስም የቃል ጽሕፈት ፈተና አይደለም፣ ሰነዱ ውስጥ እንደ ፍላጎትህ ጻፍ፣ ስሙ ግን የሚፈለግበት መንጠቆ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ እስከ መልስ 12 ድረስ ያለው የእነሱ ነው፣ አዲስ ነገር የለውም።

መልስ 13 ሁለቱንም አረጋግቶ ወደ ሥራው መለሳቸው። በዊንዶውስ ፍለጋ ውስጥ የጥያቄ ምልክት አንድን ፊደል ይተካል፤ የሚያጠራጥረው ፊደል ቦታ ላይ እሱን ማስገባት ይቻላል። ኤቭሪቲንግ የተባለው ነፃ የፍለጋ ፕሮግራም ደግሞ ሰርች በሚለው ሜኑ ውስጥ ሬጌክስን (ቃልን በቀመር የመፈለጊያ ዘዴ) ካበሩለት በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አማራጭ ይቀበላል፤ [ሥስ]ራ ብሎ የጻፈ ሁለቱንም አጻጻፍ በአንድ ጊዜ ያገኛል። ስለዚህ ፊደል መቀነስ ግድ አይደለም። የተናገረው ትክክል ነው። ነገር ግን የቤተሰብ ፋይል የሚፈልገው ሁልጊዜ ሬጌክስ የሚያውቀው ሰው አይደለም፤ እናት ወይም ልጅ ሊሆኑ ይችላሉ። ለዚህ የመልስ 7ን ሁለተኛ አማራጭ፣ የቃላት ዝርዝሩን፣ እመርጣለሁ፤ ሠላሳ ቃል ለመዘርዘር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ከሠና ከሐም ማንንም አይለይም።

መልስ 14 ስለ ስም የምታወሩት ሁሉ ዲስኩ ከሞተ ከንቱ ነው ብሎ ገባ። ኮምፒውተሩ ለጥገና ሄዶ ፎርማት ሲደረግ ሲ ድራይቭ ይጠፋል፤ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድ ሁሉ እዚያ ላይ ናቸው። ፋይላችሁን ወደ ዲ ድራይቭ አዛውሩና ተገላገሉ አለ። መልስ 15 ተገላገሉ በምትለው አልስማማም ሲል ጀመረ፤ ቃሉም ሻከር ያለ ነው። ሲና ዲ አብዛኛው ላፕቶፕ ላይ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍል ናቸው። ዲ ከፎርማት ያድናል፤ ዲስኩ ሲበላሽ፣ ላፕቶፑ ሲሰረቅ ወይም ሠራተኛው ዊንዶውስ ሲጭን ክፍሎቹን ሁሉ አጥፍቶ ሲጀምር ግን አያድንም። ዲ ላይ አለኝ ብሎ የተኛ ሰው አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስተዋወቀውን የ3-2-1 ደንብ ጠቀሰ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለቤት ሲተረጎም አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ዘመድ ቤት በሚቀመጥ ሌላ ዲስክ ወይም ኢንተርኔት ላይ ነው።

ቀጥሎ ኮፒ አደራረጉን ዘረዘረ፤ እዚህ ላይ የጻፈው ቃል በቃል ሊያዝ የሚገባው ነው። ከት አይደረግም፤ ኮፒ ተደርጎ፣ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ነው የድሮው የሚሰረዘው። ማረጋገጫው ሁለቱንም ፎልደሮች በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ከፍቶ የፋይሎቹን ብዛትና በባይት የተጻፈውን መጠን እስከ መጨረሻው አኃዝ ማነጻጸር ነው። ከሥሩ ያለው፣ ዲስኩ ላይ የያዘው ቦታ የሚለው ቁጥር፣ ሁለቱ ዲስኮች በተለያየ አደላደል ስለተዘጋጁ ሊለያይ ይችላል፤ በእሱ መደናገጥ አያስፈልግም። ዲስኩ ዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚያገለግል ከሆነ በኤንቲኤፍኤስ ይዘጋጅ፤ ምክንያቱም ሌሎቹ የዲስክ አደላደሎች፣ ፋት32 እና ኤክስፋት፣ የጆርናል መዝገብ (እየተካሄደ ያለ ለውጥ አስቀድሞ የሚጻፍበት) የላቸውም፣ ኮፒ እየተደረገ መብራት ቢጠፋ የፋይሎቹ ማውጫ ሊዛባ ይችላል። ፋት32 በተጨማሪ 4 ጊጋባይት የሞላ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የሠርግ ቪዲዮ ፍላሽ ላይ ቦታ እያለ አልገባም የሚለው በዚህ ነው። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገባም። ዲስኩ ኮምፒውተሩ ላይ «ኢጀክት» ተብሎ ሳይለቀቅ አይነቀልም።

መልስ 16 ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ አስቀምጣለሁ፣ ምን ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ያስፈልጋል የሚል ነበር። መልስ 17 በትዕግሥት አስረዳው። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፤ በካሜራው የተጻፈው የቀን መረጃም አብሮ ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ብቻ ነው እንዳለ የሚቀመጠው፣ ያውም ለተራ ተጠቃሚ በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት። አካውንቱ ከስልክ ቁጥር ጋር የታሰረ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ካልተከፈተ ራሱ ይሰረዛል፣ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ጎግል ድራይቭ በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከኢሜይሉና ከፎቶው ጋር የሚካፈል ነው፤ ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንትም ሊሰረዝ ይችላል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚናበብ ፎልደር ከሆነ ደግሞ እዚህ የተሰረዘው እዚያም ይሰረዛል፤ ቆሻሻ መጣያው የሚያቆየው 30 ቀን ነው። ተጨማሪ ቅጂ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት፣ ብቸኛ ቅጂ ግን አታድርጉት የሚል ነው ማሳረጊያው።

ከመልስ 18 እስከ 21 ያለው ከጉዳዩ ወጣ ብሏል፤ ሆኖም ሁለት የሚጠቅም ነገር አለበት። አንዱ ፍላሽ ላይ ያሉ ፎልደሮችን ደብቆ በምትካቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ነው። ፍላሹን ፎርማት አታድርጉ፣ ፋይሉ እዚያው ተደብቆ አለ ተባለ። ሾርትከቱ ሳይነካ ኮማንድ ፕሮምፕት ይከፈታል፤ አትሪብ የሚለው ትእዛዝ ከመቀነስ ኤች፣ መቀነስ አር፣ መቀነስ ኤስ፣ እዝባር ኤስ፣ እዝባር ዲ ጋር በፍላሹ ፊደል ላይ ይሰጣል፤ ፎልደሮቹ ይገለጣሉ። ሁለተኛው የፋይል ቅጥያን እንዲታይ ማድረግ ነው፦ ዊንዶውስ 11 ላይ ቪው፣ ከዚያ ሾው፣ ከዚያ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ። ይህ ካልበራ መጨረሻው ላይ የፕሮግራም ቅጥያ የደበቀ ቫይረስ ፒዲኤፍ መስሎ ይቀርባል። ስለ ርካሽ ባለ 2 ቴራባይት ፍላሾችም ተነሳ፤ ብዙዎቹ የተጻፈባቸውን ያህል አይዙም፣ ከሞሉ በኋላ በድሮው ላይ እየጻፉ ይሄዳሉ። ኤችቱቴስትደብሊው በተባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይፈተናሉ፤ ሰነድ ከመጫኑ በፊት።

መልስ 22 ስለ ምስጢር ነበር። የፓስፖርት፣ የውክልናና የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ ያለበት ላፕቶፕ ለጥገና ሲሰጥ ሁሉም አብሮ ይሰጣል። የመታወቂያውን ፎልደር ፋይል ጠቅልሎ በሚያሽገው በሰቨን ዚፕ ፕሮግራም፣ በፕሮግራሙ በራሱ ቅርጽ እንጂ በዚፕ ሳይሆን፣ በይለፍ ቃል መዝጋትን መከረ። የፋይል ስሞቹም እንዲመሰጠሩ የምትለዋን ሳጥን ምልክት ማድረግ መርሳት አይገባም፤ አለበለዚያ ይዘቱ ቢዘጋም ስሞቹ ይነበባሉ። ይለፍ ቃሉ ከጠፋ የሚከፍተው ስለሌለ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ዘመድ ጋ ይቀመጥ አለ። ስካን ሲደረግ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ በቀለም፣ ፊትና ጀርባው ይሁን የምትለውንም ጨመረ፤ በጥቁርና ነጭ ከሆነ ሰማያዊው ማኅተም ከጽሑፉ ጋር ይዋሃዳል። ኤ4 ወረቀት በዚህ መጠን 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ በስልክ የተነሳውም ከዚህ ባያንስ ጥሩ ነው።

ወደ ቀኑ ክርክር የመለሰው መልስ 23 ነው። ቤተሰቡ ከፊሉ አገር ቤት፣ ከፊሉ ውጭ ላለ ሰው የሚሆን ሐሳብ አመጣ። ውጭ ያለው ልጅ ለኤምባሲ ወይም ለትምህርት ቤት የሚጠየቀው በፈረንጆቹ ቀን ነው፤ እዚህ ያሉት እናት የሚያነቡት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ስለዚህ ሁለቱም ይጻፉ፦ ለተራው የፈረንጁ ይቅደም፣ ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ያለው እንዳለ ይግባ። 2024-01-21_2016-05-12ዓም_የልደት-ምስክር-ወረቀት_የመጀመሪያ-ልጅ። ለስልክ ፎቶ ይህ አያስፈልግም፤ ስልኩ የሰጠው ቁጥር ይበቃል። በቁጥሩ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ይታወስ፤ 153012 የሚለው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከ12 ሰከንድ ነው።

ክሩን የከፈተው ሰው በመልስ 24 ተመልሶ ሐሳቡን እንደለወጠ በግልጽ ጻፈ፤ መልስ 2ን በስሙ ጠርቶ አመሰገነው። የቀረው ሥጋቱ የስሙ ርዝመት ነበር። መልስ 25 ቆጠረለት። ዊንዶውስ ለአንድ ስም 255 ምልክት ይፈቅዳል፤ ከድራይቩ ፊደል ጀምሮ ያለው ሙሉ አድራሻ ግን እንደተለመደው ከ260 ማለፍ የለበትም። ፎልደር በፎልደር መደርደር የሚጎዳውም በዚህ ነው። ሊኑክስና አንድሮይድ ደግሞ የሚቆጥሩት ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው፤ ወሰናቸው 255 ባይት ነው፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ሁሉም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም እንግዲህ ከ85 ፊደል አያልፍም። ዊንዶውስ ላይ ያለችግር የነበረ ረጅም የአማርኛ ስም ስልክ ላይ አልገለበጥም የሚለው ለዚህ ነው። የመልስ 23 ምሳሌ ከፒዲኤፍ ቅጥያው ጋር 52 ምልክት፣ 96 ባይት ነው፤ የሚያሰጋ ነገር የለውም።

መልስ 26 ሰባቱን ፎልደሮች በግዕዝ ቁጥር ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ መቁጠር ይቻላል ወይ ሲል ጠየቀ። መልስ 27፦ ይቻላል፣ በዩኒኮድ ቅደም ተከተል እስከ ፻፺፱ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ፪፻ ሲደርስ ግን በ፪ የሚጀምር በመሆኑ በ፪ና በ፫ መካከል ይገባል። በዚሁ ቅደም ተከተል ከፊደሎቹ ሁሉ በኋላ እንጂ በፊት አይቆሙም። ለሰባት ፎልደር ያምርባቸዋል፣ ለፋይል ግን ተራው አኃዝ ይሻላል።

የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ 28 አቀረበ፦ በድሮ የአማርኛ ፎንት የተጻፉ የወርድ ሰነዶች አሉ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብና የቤት ውል፤ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ብቻ ነው የሚታየው፣ ተበላሽተው ነው? መልስ 29 አልተበላሹም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ የራሱን የግዕዝ ፎንት፣ ኒያላን፣ ይዞ የመጣው ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ላቲን ይወጣል። ፎንቱ አሁንም ያለበት የድሮ ኮምፒውተር ካለ ሰነዶቹ እዚያ ላይ ይከፈቱ፣ ፎንቱ ታቅፎ በፒዲኤፍ ይቀመጡ፤ ኮምፒውተሩ ሳይጣል የፎንቱ ፋይልም ይገልበጥ። ፒዲኤፉ ለዓይን ይነበባል እንጂ በውስጡ ያለው ቃል በፍለጋ አይገኝም፤ ከሥሩ ያለው አሁንም ላቲን ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሰነዶች የፋይሉ ስም ብቸኛው መፈለጊያ ነው፦ ቀኑ፣ የውሉ ዓይነት፣ የሻጭና የገዢ ስም፣ ሁሉም በዩኒኮድ፣ «አጻጻፍ» ላይ በተስማማንበት ፊደል። ዋናው የወርድ ፋይል፣ ፒዲኤፉና ፎንቱ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ፤ ወደ ኤክስተርናሉ ሲገለበጡም ሦስቱም አብረው ይሂዱ።